ቧንቧውን አልከፈትኩም

ሚዙላ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1987

ውድ አክስቴ ዳግኒ፣

ደህና ነኝ። አስቀድመሽ የጠየቅሽው እሱን ነውና አስቀድሜ መለስኩልሽ። እበላለሁ፤ እተኛለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ሰኞ ተከፍቶ የኬሚስትሪ ሥራችንን ጀምረናል። ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ጠልቼሽ አይደለም። በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ መሐል ላይ ነገሩ ይጠፋል። ወረቀት ላይ ለቅሶም ጩኸትም አይመችምና ከእንግዲህ እንጻጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን አናደደኝ። "በእንቅልፍ ልብሽም ቢሆን ከፍተሽው እንደሆነ እስኪ አስታውሺ" ትያለሽ። አልከፈትኩም። አንድ ጊዜ በሥርዓቱ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ድገሚው እንዳይለኝ።

ያን ቅዳሜ ተራራው ላይ ለረድፋችን ተጎታች ቤቶች ሁሉ የሚጣደው የምሳ ድስት ተራው የእኛ ነበር። የአሥራ አንዱም ተጎታች ቤት ሰው ሳህኑን ይዞ ሳይመጣ ባቄላውንና የተፈጨውን ሥጋ በቲማቲም መጣድ ነበረብኝ። በራችን ሥር ያለው የውሃ ጀሪካን ግማሽ ድረስ ነበር። እስከ ታችኛው ጎጆ ይዤው ወርጄ፣ ሞልቼ፣ በበረዶው ላይ ሽቅብ ተሸክሜው መጣሁ። ወደ ድስቱ የገባው ከዚያ ነው፤ ከሌላ ከየትም አይደለም። ስቀምሰው ስኳር ስኳር አለኝ፤ ከቲማቲሙ ነው ብዬ አለፍኩት። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክደውም።

ልጆቹ እንደ ወትሮው ከአዋቂው ቀድመው በሉ። ከዚያ የበረዶ መንሸራተቻቸውን፣ ስኪያቸውን፣ አሰርኩላቸውና ወደ ስኪ ትምህርታችን ወጣን። ከአሥራ አራቱ ተማሪዎቼ አምስቱን ቁልቁለቱ መሐል ላይ አስመለሳቸው። ሁለቱን በእጄ ይዤ፣ ሦስቱን ከኋላ አስከትዬ ወረድኩ። ስደርስ ሰው ሁሉ ድስታችንን ከቦ ቆሟል። ጎረቤታችን ሎርና ጭልፋውን አሽትታ "ይሄ የቧንቧው ሮዝ ነው" ስትል ሰማኋት።

ሮዙ ፈሳሽ ክረምቱን ሙሉ ቧንቧችን ውስጥ የሚከርመው ውሃው በርዶ ቧንቧውን እንዳያፈነዳው ነው። "ቧንቧ አይነካም" የሚለውን ሕግ የተማርኩት ቤታችሁ በገባሁ ማግስት ነው። ይህን እያወቀ ነው አጎቴ አርቪድ፣ የረድፉ አለቃ፣ ሁሉም በሚሰማበት እንዲህ ያለው፦ "ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ጀሪካን መሸከም ውርደት ሆኖባታል። ቧንቧውን ከፈተችላችኋ!"

ትከሻዬ ገና አልበረደም ነበር፣ አክስቴ። የተሸከምኩበት ትከሻ።

አንቺ ከጎኑ ቆመሽ የጫማሽን ማሰሪያ ታዪ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ የተራራው ሥራ አስኪያጅ ጠርቶኝ "ወላጆች ልጆቻቸውን ለአንቺ አንሰጥም ብለዋል" አለኝ። አራት ክረምት ያስተማርኩበት ክፍል ነው። እሑድ ማታ መሄዴ ቀርቶ በማለዳው አውቶቡስ የሄድኩት አኩርፌ አይደለም፤ የምሠራው ሥራ ስላልነበረኝ ነው።

የምፈልገው ክፍሌንና ስሜን ነው። የረሳሁትን ትራስ ግን ለልጅ ልጅሽ ለፒያ ስጪልኝ።

ማሪት


ያኪማ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1987

ውድ ልጄ ማሪት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽም፣ ከኋላው የላክሽው ፖስት ካርድም ደርሶኛል። ተራራ የሚያክል ካርድ ገዝቶ "ጀሪካኑን ማን ነካው?" የሚል ሦስት ቃል ብቻ መጻፍ ካንቺ በቀር ማንም አያደርገውም። ፖስተኛው አንብቦት ኖሮ "ጀሪካኑን ማን እንደነካው አወቃችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ!

አርቪድን ጠየቅሁት። "አልነካሁም" አለ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው እንደ ፖሊስ አቁሜ አልመረምረውም።

ይልቅ የረድፉን ወሬ ልንገርሽ። ባለፈው ቅዳሜ ተራው የሎርና ነበር። ፓስታ በቱና ሠራች፤ ፓስታው ከፍታው ላይ አልበስል ብሏት እንደ ገመድ ስናኝከው ዋልን። ባሏ "ሎርና፣ ይሄን ለመኪና መጎተቻ አስቀምጪልኝ" አላት። እኔ አንቺ ባሳየሽኝ ዘዴ ነው የምሠራው፤ ሾርባውን ሐሙስ ቤት አበስልና በካሬ ዕቃ በረዶ እስኪሆን አበርደዋለሁ። መንገድ ላይ ሌላውን ምግብ ያቀዘቅዝልኛል፣ ተራራው ላይ ደግሞ ራሱ ምሳ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ፓንኬክ ነው። ፒያ የመጀመሪያውን ትበላለች፤ እሱ ሁልጊዜ የሚያርረው ነው፤ እሷ ግን ያረረውን ነው የምትወደው።

የልጆቹን ክፍል ለጊዜው የሎርና አማች ይዞታል። በስኪ ሲንሸራተት ቁም ሳጥን በደረጃ የሚወርድ ይመስላል። ልጆቹም እየሳቁበት ነው፤ ይህን የምጽፍልሽ ደስ እንዲልሽ ነው።

አርቪድ በዚህ ሰሞን ስኪ አልወጣም። ጉልበቱን ያመዋል። ተጎታቹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ እኔ ጋዜጣ አነብለታለሁ። መንገዱም አስቸጋሪ ስለሆነ አርብ ማታ መውጣቱን ትተን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው የምንወጣው። ደህና እንድረስ እንጂ ምን ቸገረን?

ልጄ፣ ሰው ይረሳል። በረዶው ሲቀልጥ ይህም ይቀልጣል። ስሜትሽ እንደ ተጎዳ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን ትንሽ ታገሺ።

ልጄ ካሪንም ሰላም ብላሻለች። ፒያም ትራሱን አቅፋ ነው የምትተኛው።

አክስትሽ ዳግኒ


ሚዙላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1987

ውድ አክስቴ ዳግኒ፣

አይ፣ ስሜቴ አልተጎዳም። የተጎዳው ስሜ ነው፤ እሱ ደግሞ በትዕግሥት አይድንም። ሰው ይረሳል ላልሽው፣ ሰው የሚረሳው ነገሩን እንጂ ስሙን አይደለም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሮዙን የሚያስታውስ አይኖርም፤ "ያቺ ልጆቹን ያሳመመች" የሚለው ግን ይቀራል።

አሁን አንድ ነገር ላስታውስሽ። ኦክቶበር ላይ ተጎታቹን ለክረምት ስናዘጋጅ የውሃ ፓምፑ ይንጫጫ ነበር። አንቺ መሳቢያውን ስበሽ፣ ፊውዙን በጣትሽ ነቅለሽ፣ "እስከ ፋሲካ ዝም በል!" አልሽው። ካሪንም እኔም ሳቅን። ፊውዙን አንቺው ይዘሽው ወደ ቤት ገባሽ። ፊውዝ የሌለው ፓምፕ አይሠራም፤ ፓምፑ ካልሠራ ደግሞ ቧንቧው ተከፍቶ ቢያድር ጠብታ አይወርደውም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አክስቴ። የጫማሽን ማሰሪያ ስታዪ ይህን ታውቂ ነበር።

ሌላም አለ። ጉልበቱን ያመመው ሰው ጋዜጣ ለምን ይነበብለታል? ያንን መንገድ ሠላሳ ዓመት በአርብ ጨለማ፣ በሚወርደው በረዶ ውስጥ እያፏጨ ሲነዳ የኖረ ሰው አሁን ቅዳሜ ረፋድን ለምን ይጠብቃል? ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፓስታው የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው፤ ስለ አርቪድ የጻፍሽው ግን እንዳለ ቀዳዳ ነው።

እስክትነግሪኝ አልጽፍም። ስልክም እንዳትደውዪ፤ ለክፍል ጓደኛዬ "የለችም በይ" ብያታለሁ፤ ውሸት አትችልበትምና ትቸገራለች።

ማሪት


ያኪማ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1987

ማሪት፣

አያይም።

ጭራሽ ጨልሞበት አይደለም። ጭጋግ በዛበት። ሴፕቴምበር ላይ የጀመረው ይመስለኛል፤ ለእኔ የነገረኝ ግን ኖቬምበር ላይ ነው፣ እሱም በመኪናው አጥር ሰብሮ ሲመጣ። የቀለም ልዩነት ጠፍቶበታል።

ሁለቱን ጀሪካኖቻችንን ታውቂያቸዋለሽ። ባለ ሰማያዊ ክዳኑ የምንጠጣው ነው፤ ባለ ቀይ ክዳኑ ደግሞ ሳህን አጥበን ስናበቃ ወደ ፍሳሹ የምንጨምረው የሮዙ ነው። ያን ቀን አንቺ ከመነሳትሽ በፊት ቀዩን ልሙላ ብሎ ሦስት ጠርሙስ ሮዝ ገለበጠ። ለእሱ ሁለቱም ክዳኖች ግራጫ ነበሩ።

ልጆቹ እስኪያስመልሳቸው እሱም አላወቀም። ሲያውቅ ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያየዋል። ቃሉ አምልጦት ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ያን ሌሊት ጀርባውን ሰጥቶኝ "ነገ እነግራቸዋለሁ" አለ። ነገ ሲሆን አንቺ አውቶቡስ ውስጥ ነበርሽ።

እኔም ዝም አልኩ። እሱ ነው የሚከብደኝ። ብናገር የሚሆነውን አስቢ። "ያ ዕውር ሽማግሌ ነው ተጎታቹን በዚያ ገደል ሲያወጣ የከረመው?" ይሉናል። ረድፋችን ላይ ያለችን ቦታ፣ ቅዳሜዎቹ፣ ድስቱ፣ ሁሉም ያልቃል። ከሥራ ከወጣ ወዲህ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አንቺ ገና ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነው፤ መቶ ተራራ ይጠብቅሻል።

ከሁለታችሁ አንዳችሁን ምረጪ አትበይኝ።

ዳግኒ


ሚዙላ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1987

ውድ አክስቴ ዳግኒ፣

እውነቱን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው። ስለ ዓይኑም አዝናለሁ፤ ሁለት ቀን ሥራ አልያዝልኝ ብሎ ዋለ።

አሁን ግን ስሚኝ። ምረጪ አላልኩሽም፤ የመረጥሽው ጃንዋሪ ላይ ነው። እናቴ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ቤትሽ ስገባ አልመረጥሽም ነበር፤ ሳህን ጨምረሽ አቀረብሽልኝ። ያን ቅዳሜም ሳህን መጨመር ይቻል ነበር።

መቶ ተራራ ይጠብቅሻል ትያለሽ። እኔ የምፈልገው የራሴን ተራራ ነው።

ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚብስ ነገር ጽፈሽልኝ ሳታስተውዪው አልፈሻል። ፒያ ከኋላ ወንበር ላይ ናት። በየሳምንቱ ቅዳሜ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ክዳን ከክዳን ከማይለይ ሰው ኋላ ተቀምጣ በዚያ ገደል ትወጣለች። ካሪን ታውቃለች? ካላወቀች እስከ እሑድ ድረስ ንገሪያት። ሰኞ እኔ እነግራታለሁ። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ቀን ቆርጬ ማሳወቄ ነው።

የሚሆነውን እነሆ።

አጎቴ ከዛሬ ጀምሮ መሪ አይጨብጥም። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢለት፤ ይህ ጭጋግ በብዛት በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነው፤ እዚህ የሕክምና ተማሪዎችን ጠይቄያለሁ። ተጎታቹን የምጎትተው እኔ ነኝ። የማርች ዕረፍታችን ሲደርስ እመጣለሁ። ያኪማ በአፕል እርሻው መሐል ተጎታቹን ወደኋላ ስነዳ ዛፍ ያልነካሁ እኔ ነኝ፤ እሱ ሁለት ነክቷል፤ ይህንንም ያውቃል። ሳትሄዱ የምትውሉበት ቅዳሜ አይኖርም። "ሁሉም ያልቃል" ያልሽው ነገር ምንም አያልቅም። የሚያልቀው ውሸቱ ብቻ ነው።

ለረድፉ የሚናገረው ግን እሱ ራሱ ነው። አንቺ አይደለሽም፣ እኔም አይደለሁም። በቆመበት ቦታ ቆሞ፣ ሳህን የያዘ ሰው ሁሉ ባለበት።

ይህን ሁሉ የምለው እሱን ስለምወደው ነው ብዬ ላሳምር አልፈልግም። እወደዋለሁ፤ ግን የምለው ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ልክ ስለሆነ ነው።

ማሪት


ያኪማ፣ ማርች 1 ቀን 1987

ውድ ልጄ፣

ለካሪን ነገርኳት፤ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን መጥታ የመኪናውን ቁልፍ ከአባቷ እጅ ወሰደች። "ለምን?" አላለም፤ እንደ ደከመው ሰው መዳፉን ዘረጋላት። እንደ ቀለለው ነው ያየሁት።

ትናንት በሎርና መኪና ወጣን። ድስቱ ፊት ቆሞ ተናገረ። እንዴት እንዳለው ትጠይቂኛለሽ፤ አልጽፈውም። የእሱ ቃል ነው፤ አሳንሼውም ሆነ አሳምሬው ብነግርሽ ደግሞ በደልኩሽ ማለት ነው። እዚያ ያሉትን ጠይቂያቸው። ሲጨርስ አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ቀዶ ሕክምናው ሲያትል ነው፣ ማርች 20። የቀኝ ዓይኑ ይቀድማል። እኔ አብሬው እሆናለሁና ስትመጪ ቤት አታገኚንም። የቤቱ ቁልፍ የአትክልቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ካሪንና ፒያ ካንቺ ጋር ይወጣሉ፤ ፒያ "ማሪት ስትነዳ ከፊት እቀመጣለሁ" ብላለች፤ አይሆንም በያት። የማግስቱ ቅዳሜ የድስት ተራ የእኛ ነው። ሌላ ሰው ይተካን ብያቸው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ "ማሪት ከመጣች እሷ ትሥራ" አለኝ። የልጆቹንም ክፍል ለዚያ ቅዳሜ "ትሞክረው" ብሏል። ቃሉ እንደማይጥምሽ አውቃለሁ።

ይቅርታ ማለት አፌ ላይ ቀላል ነው፣ ሁልጊዜም እላለሁ። ስለዚህ ዛሬ አልለውም። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ይኸው ነው።

ዳግኒ


ከተጎታቹ፣ ማርች 22 ቀን 1987

ውድ አክስቴ ዳግኒ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ዓይኑስ እንዴት ነው? ካሪን ከጎጆው ስልክ ደውላ በደህና መውጣቱን ሰምታለች፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል። በስልኩ ካሪንን የጠየቅሻትን ሁሉ በተራ እመልሳለሁ።

አዎ፣ ተጎታቹን አወጣሁት። ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ የጭነት መኪና ገጥሞኝ ወደኋላ መመለስ ነበረብኝ። ካሪን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ፒያ "እማዬ፣ ማሪት እኮ አልጨፈነችም" አለቻት። ረድፉ ላይ በመጀመሪያው ሙከራ አቆምኩት። የሎርና ባል ወጥቶ ጎማዎቹን ዞሮ አየና "እኔ አራት ጊዜ ነው የሚፈጅብኝ" አለ።

የጠዋቱ ክፍል ላይ ስንት ልጅ እንደመጣ ጠይቀሻል። ሁለት። አንዷ ፒያ ናት። እንደ አሥራ አራት አድርጌ አስተማርኳቸው፤ ሰልፍ አሰለፍኳቸው፣ ስም ጠራሁ። ሌሎቹ ልጆች ከቁም ሳጥኑ ጋር ሆነው ከሩቅ ያዩን ነበር።

ምሳ ድንችና ቋሊማ በአንድ ድስት ሠራሁ፤ ሽንኩርቱን ቤት ከትፌ አምጥቼ ነበር፤ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ መጣ፤ ግን ማንም አልተጠጋም። እርስ በርሳቸው ስለ በረዶው ያወራሉ። በመጨረሻ ሎርና እንዲህ አለች፦

"በይ እንግዲህ ማሪትዬ፣ አርቪድም ተሳሳትኩ ብሏል፣ ሽማግሌ ነው፤ ያለፈውን እንተወው።"

"ምን ነበር ያለው?" አልኳት።

"ጀሪካኖቹ ተምታተውብኝ ነው አለ። ዓይኑን እንዳመመው ነገረን። ምስኪን።"

"ስለ እኔስ?"

ተያዩ። የሎርና ባል "ስለ አንቺ ምንም አላለም" አለ።

ይህን አንቺ ታውቂ ነበር፣ አክስቴ። "እዚያ ያሉትን ጠይቂያቸው" ያልሽኝ ለዚህ ነው። ስላልዋሸሽኝ አመሰግናለሁ።

ጭልፋውን አስቀመጥኩት። "ስህተቱን ነግሯችኋል፤ ውሸቱን ግን አልነገራችሁም። እኔ ልንገራችሁ" አልኳቸው። "ጀሪካኑን ከታች ድረስ ተሸክሜ አምጥቻለሁ። ፓምፑ ከኦክቶበር ጀምሮ አይሠራም ነበር። አጎቴ ይህን ሁሉ ሲያውቅ ስሜን ሰጣችሁ፤ እናንተም ሳትጠይቁ ተቀበላችሁት። የእኔም ጥፋት አለ። ስቀምሰው ስኳር ስኳር ብሎኝ ሳለ ዝም ብዬ አቀረብኩት። ለአምስቱ ልጆች ወላጆች ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያንን ብቻ። ለቀረው ይቅርታ የምትጠይቁኝ እናንተ ናችሁ።"

ማንም እንደዚያ ሲናገረው ረድፉ ለምዶ አያውቅም። የሎርና ፊት ቀላ።

"ወይ ጉድ! ምላሷ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን መጥረቢያ ቤት የተማረ ነው የሚመስለው" አለች።

"እዚያም ብትልኩኝ አንደኛ እወጣ ነበር።"

ባሏ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ሳህኗን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ ነኝ መጀመሪያ ያሸተትኩት" አለች በቀስታ። "የማን ጀሪካን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ቀለለኝና ተውኩት። አንቺ ልጅ ነሽ፣ እሱ አርቪድ ነው።" ከዚያ ወደ ልጅ ልጆቿ ዞራ፣ "እናንተ! ነገ ጠዋት ከማሪት ጋር ናችሁ። ጓንታችሁን ማድረቅ አትርሱ" አለች።

ሌሎቹ ይቅርታ በአፋቸው አላሉም። እሱን ልነግርሽ ይገባል። ግን በሉ፤ ድስቱ አለቀ።

ዛሬ ጠዋት ሰባት ልጆች መጡ። ያኔ ካስመለሳቸው አምስት ልጆች ሦስቱ አሉበት። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ "እንግዲህ እስከ መዝጊያው ሳምንት ትሞክሪያለሽ" አለኝ። "ሙከራ አልሠራም፤ አራት ክረምት ሞክሬያለሁ" አልኩት። "ወይ ክፍሉ የእኔ ነው፣ ወይ ቁም ሳጥኑ ይቀጥል።" ከት ብሎ ሳቀና ስሜን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። በጠመኔ ሳይሆን በቀለም እንዲሆን ጠየቅሁት። ቀለም ፈለገ።

ይህን ደብዳቤ በትልልቁ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። አንቺ አንብበሽ ስትጨርሺ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ "አሁን ማንበብ ትችላለህ" ሲለው ስጪው። እንዳታነቢለት። የቀረው ለእሱ ነው።

አጎቴ አርቪድ፣ ተጎታቹ ደህና ነው። ቦታችን ቦታችን ነው፤ ቅዳሜህን ማንም አልወሰደብህም፤ ስትድን ከፊት ወንበር ትቀመጣለህ፣ እኔ እነዳለሁ፣ መንገዱን በሙሉ ብትተቸኝም እችለዋለሁ። ከረድፉ ፊት ቆመህ ስለ ጀሪካኑ ስትናገር ከባድ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። ሌላውን ግማሽ እኔ ተናግሬዋለሁ፤ ሲያገኙህ እንዳትደነግጥ። ለእኔ ያለብህን ግን ማንም ሊናገርልህ አይችልም።

እዚህ ድረስ በራስህ ዓይን ካነበብክ፣ ብዕር አንሣ። የሚቀጥለው ደብዳቤ ያንተ ነው።

ማሪት